የሚታይ እንጂ የማይወጣ ገንዘብ

በጭሮም ሆነ በገለምሶ ገበያ ጫት የሚሸጥ ልምድ ያለው ነጋዴ፣ ገዢው «በቴሌብር ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ስላሳየው ብቻ እስሩን አይለቅም፤ በራሱ ስልክ ቀሪ ሂሳቡን ያያል፡፡ የተማረው ወጣት ግን «ፍላሽ ዩኤስዲቲ» በተሰኘው ሶፍትዌር ሲታለል ይህን ጥንቃቄ ይዘነጋል፡፡ ሻጮቹ ፕሮግራሙ ከምንም ተነሥቶ ዲጂታል ዶላር ይልካል፣ ከቀናት በኋላም ይጠፋል ይላሉ፡፡ ሐሰት ነው፡፡ ዩኤስዲቲ የሚንቀሳቀሰው ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠብቁት መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ስልክ ላይ የተጫነ ፕሮግራም በመዝገቡ የሌለ ገንዘብ ሊጽፍበት አይችልም፡፡ የሚችለው የሐሰት ደረሰኝ መሳል፣ አለዚያም ማንም ሊፈጥረው የሚችል ዋጋ ቢስ ቶክን በዩኤስዲቲ ስም መላክ ነው፡፡ ስሙ ይመሳሰላል፤ ቶክኑ የወጣበት የውል አድራሻ ግን ፈጽሞ አንድ አይሆንም፡፡ ስለዚህ ተቀባዩ ላኪው የሰጠውን ማስፈንጠሪያ ትቶ መዝገቡን ራሱ ይክፈት፤ አድራሻውንም አውጪው ቴተር ኩባንያ ካሳወቀው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር፡፡

ሶፍትዌሩን የሚገዛው ሰው ግን ሌላውን ሊያታልል አስቦ ራሱ የሚታለል ነው፡፡ የከፈለው አይመለስለትም፤ ፕሮግራሙም የይለፍ ቃሉን ሊሰርቀው ይችላል፡፡ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶከረንሲ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን በማሳወቁ፣ እንዲህ ያለው ተጎጂ ወደ ፖሊስ ለመሄድም ያፍራል፡፡ አታላዮቹ ይህንንም ያውቃሉ፡፡