የአንጀት ካንሰርን በጠርሙስ አይሽጡልን!

«ፕሮባዮቲክ ነው እማማ፤ የአንጀት ካንሰርን ይከላከላል።»

አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ የሰማሁት ነው። እኚህ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁት ሰገራቸው ላይ ስላዩት ደም ነበር። ብራቸውን ቆጥረው ከፈሉና ጠርሙሷን ይዘው ወጡ። «ሐኪም ጋር ይሂዱ» ያላቸው የለም። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ለጤና ይጠቅማሉ ተብለው የሚወሰዱ ሕያው ባክቴሪያዎች ናቸው። በላቦራቶሪና በአይጦች ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል፤ አልክድም። ካፕሱል የዋጠ ሰው ከአንጀት ካንሰር እንደሚድን ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የአንጀት ሕመሞች እንኳ አልመከረውም። ለታመመ ያልተመከረውን ለካንሰር መከላከያ ብሎ መሸጥ ምን ይባላል?

«እኛ እንጀራ አለን፣ እርሾው ፕሮባዮቲክ ነው» የምትሉም አትቸኩሉ። የሊጡ ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ያልቃል። የእንጀራው ጥቅም ሌላ ነው። ጤፍ እንደ ፉርኖ ዱቄት ፉርሽካው ስለማይወጣለት ፋይበር አለው። ኡጋንዳ ውስጥ ለዓመታት የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ የአንጀት ካንሰር በአፍሪካ ገጠር ብርቅ የሆነው በምግቡ ፋይበር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ የጻፈው በ1971 ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ፋይበርን ይደግፋሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፤ ጓዳችን ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ማስታወቂያ ግን የለውም።

በተቃራኒው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰር ስጋትን 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀይ ሥጋም «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ ውስጥ ነው። አልኮልና ሲጋራም ካንሰር አምጪ ናቸው። ቁርጥና ቢራችንን ሳንነካ ካፕሱል መዋጥ ራስን ማታለል ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፣ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ዓመታት ይወስድበታል። በኮሎኖስኮፒ ከተገኘ እዚያው ይወገዳል። እኛ ግን ደም ስናይ «ኪንታሮት ነው» ብለን እናልፋለን፣ እናፍራለን፣ ጠርሙስ እንገዛለን። ያ የባከነ ጊዜ ነው ሰው የሚገድለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ካንሰር ይከላከላል» የሚል ሻጭን ማስረጃህን አምጣ ይበል። ጤና ሚኒስቴር የሰገራ ደም ምርመራን በየጤና ጣቢያው ያዳርስ። እኛም እናታችንን፣ አባታችንን እንጠይቅ። ደም አይታችኋል? ሳታስቡት ከሳችሁ? የሆድ ጠባያችሁ ተለውጧል? መልሱ አዎ ከሆነ፣ መንገዱ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ጠርሙስ አይደለም።

እርጎውንም ጠጡ፣ ይጣፍጣል። ካንሰር ይከላከልልኛል ብላችሁ ግን አትጠጡ።