የማይላቀቅ እንግዴ ልጅ



ሕፃን ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከማሕፀን ግድግዳ ተላቆ ይወጣል። አንዳንዴ ግን ወደ ጡንቻው ዘልቆ ይገባል፤ ሲብስም ማሕፀንን አልፎ የሽንት ፊኛን ይነካል። ያኔ በግድ ለማላቀቅ መሞከር እናቲቱን ለከባድ የደም መፍሰስ ይዳርጋታል። ሐኪሞች ፕላሴንታ አክሪታ የሚሉት ይህ ችግር የዚህ እትም ዐቢይ ርዕሰ ጉዳይ ነው።

ዋነኛው አጋላጭ ምክንያት ቀዶ ጥገና በማሕፀን ላይ የሚተወው ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር በሸፈነባቸው እናቶች ላይ ችግሩ በመጀመሪያው የቀዶ ጥገና ወሊድ 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 40 በመቶ ታይቷል።

ማሕፀናቸው ሳይወጣ የታከሙ እናቶች ዳግም ሊወልዱ ይችላሉ። ስጋቱ ግን አብሯቸው ይቆያል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት እስከ ወሊድ ከደረሱ 21 እርግዝናዎች በ6ቱ ችግሩ ተመልሷል።

በውስጥ ገጾቻችን አልትራሳውንድ ችግሩን አስቀድሞ እንዴት እንደሚጠቁምና ወሊዱ ደም፣ ማደንዘዣና ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ባሉበት ሆስፒታል ለምን መታቀድ እንዳለበት ታነባላችሁ።

እህቶቻችን ሆይ፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና ከወለዳችሁ ወይም እንግዴ ልጅ አልላቀቅ ብሏችሁ ከነበረ፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ባሎችና ቤተሰቦችም ደም ለመለገስ ተዘጋጁ።