ስለ አደራ ልጆች የአእምሮ ሕክምና

እናትና አባት ያለው ልጅ በታመመ ጊዜ ለሐኪም የሚናገርለትና በሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚፈርምለት ሰው አይቸግረውም። ወላጆቹ የሞቱበት ወይም የጣሉት፣ በሰው ቤት ወይም በማሳደጊያ የሚያድግ ልጅ ግን ሕመሙ የአእምሮ ሕመም የሆነ እንደ ሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ስለዚህ ልጅ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ በሰበታ በአንድ ማሳደጊያ የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ እንቅልፍ አጥታ፣ እህል አልቀምስ ብላ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች እንበል። የምታሳድጋት ሴት ይዛት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ትመጣለች። ሐኪሙም መርምሮ፣ «ተኝታ መታከም ይገባታል» ይላል፤ ቀጥሎም፣ «እርስዎ ለልጅቱ ምኗ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ያጎረሰቻትና ያለበሰቻት ናት፤ ነገር ግን ይህን የሚመሰክር ወረቀት በእጅዋ የለም። ልጅቱም በሰበታ ጠያቂ፣ በአዲስ አበባ ፈራሚ ያጣች የሁለት አገር ስደተኛ ሆነች ማለት ነው።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆችን በሚመለከት ሥራ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችም ልዩ ጥበቃ እንዲያገኙ አዝዟል። የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግም 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወላጆች ባይኖሩ ከቅርብ ዘመድ፣ ዘመድ ቢጠፋ በዳኛ ሹመት አሳዳሪና ሞግዚት እንዲኖረው ሠርቷል። ኦሮሚያ ደግሞ የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ አለው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉ ስለ ሆኑ የልጁ ጉዳይ በኦሮሚያ ዳኛ ዘንድ፣ ሕክምናው ግን በአዲስ አበባ ይሆናል። ወረቀቱ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ በሕመም ሌሊት ከዳኛ ወደ ሐኪም መመላለስ መከራ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ጥፋት አለ። አንደኛው ፈራሚ ጠፋ ተብሎ ልጁ ሳይታከም መመለሱ ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ እየፈረመ ልጁን ማስተኛቱ ነው። ያስቸገረ ልጅ ሁሉ ታሟል አይባልም፤ እናቱን የቀበረ ልጅ ቢያለቅስ፣ ቢቆጣ፣ ቢኮበልል ኀዘን ይዞት ይሆናልና። ፊርማ ቀላል ከሆነ የሰለቸ አሳዳጊ ሸክሙን በሆስፒታል ደጅ አውርዶ ይሄዳል፤ የመውጫውም ቀን ሲደርስ ልጁን የሚቀበለው አይገኝም። አደራ መብላት ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ልጅ ወደ ማሳደጊያ ወይም ወደ አደራ ቤተ ሰብ በገባበት ወር አሳዳሪው በዳኛ ይታወቅ፤ ግልባጩም ከልጁ ጋራ ይኑር። ሕመሙ ለነፍሱ የሚያሠጋ ከሆነ ግን ሐኪም ፊርማ ሳይጠብቅ ይርዳው፤ ዳኛም በማግሥቱ ነገሩን ይስማ። ሁለተኛ፣ ተኝቶ መታከም የሚገባው መሆኑን ሐኪም ይወስን፤ ልጁም እንደ ዕድሜው መጠን ወዴትና ስለ ምን እንደሚሄድ ይነገረው፤ ቃሉም ይሰማ። ሦስተኛ፣ የፈረመው ሰው በየጊዜው ይጠይቀው፤ ሕፃናትን እንዲጠብቅ የተሾመው መሥሪያ ቤትም መዝገቡን ይመርምር። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ25ኛው አንቀጽ፣ ባለሥልጣን ለጥበቃ ወይም ለሕክምና ያስቀመጠው ልጅ ጉዳዩ በየጊዜው እንዲመረመርለት መብት ሰጥቶታል። የአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በቡራዩ አጠገብ በገፈርሳ ያለው ማገገሚያ የልጅ መጣያ እንዳይሆን የሚጠብቀው ይህ ምርመራ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ድርሻቸው ብዙ ነው። ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ጸበል ነውና፣ የአደራ ልጅ በመጣ ጊዜ ያመጣው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ እንዳይታሰርና እንዳይመታ ይጠብቁ፤ ጸሎቱንና ጸበሉን ሳያስቀሩ ወደ ሐኪም እንዲደርስ ይምከሩ።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ልጆቿ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በሕግ ከልክላለች። ልጆቹን በአገራቸው እናሳድጋለን ካልን በጤናቸው ቀን ብቻ ሳይሆን አእምሮአቸው በታወከ ቀንም ወላጅ ልንሆናቸው ይገባል። የሹማምንቱ ትጋትና የአባቶች ምክር አንድ ላይ ከሆነ ይህ ሥራ ከባድ አይደለም፤ መጀመሪያውም በየማሳደጊያው ያለውን መዝገብ ከፍቶ አሳዳሪ የሌለውን ልጅ ስም ማውጣት ነው።