ከማጥፋት በፊት መመርመር

ሰው ሲታመም የበሽታው ምክንያት ሳይጠየቅ መድኃኒት አይታዘዝለትም። ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ሲታወክ ግን ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ብቻ ሆኗል፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ቢዘገይም ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባበትም ፎርማት፣ አልነሣ ቢልም ፎርማት ይታዘዝለታል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ ከጥገና የሚቆጠር አይደለም፤ ስለዚህም ሊቀር ይገባዋል።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት እንመልከት። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ፣ የኮምፒዩተሩን ክፍሎችና ፕሮግራሞች የሚያስተባብር ዋና ፕሮግራም ነው። እርሱን በአዲስ ለመጫን ሲባል ፎርማት የሚደረገው «ሲ» የተባለው የዲስክ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን የሚያኖረው ደግሞ በዴስክቶፕ ላይ ሲሆን፣ ዴስክቶፕም እንደ ወትሮው የሚገኘው በዚሁ ክፍል ነው። እንግዲህ «ሲ» ሲጠረግ ከተበላሸው ፕሮግራም ጋር የባለቤቱ ድካም አብሮ ይጠረጋል ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ በደረሰው ጉዳት ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደራ ከተማ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪዎቼ አያቶቻቸውን እየጠየቁ የጻፏቸውን ተረቶች በላፕቶፔ ውስጥ አጠራቅም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ላፕቶፑ እየዘገየ፣ አልፎ አልፎም በድንገት እየጠፋ አስቸገረኝ። ለአንድ የጥገና ሠራተኛ ሰጠሁት፤ በማግሥቱ «ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ አዲስ ሆኗል» ብሎ መለሰልኝ። የሰባት ዓመት ተረት ግን በውስጡ አልነበረም። በሳምንቱም ላፕቶፑ ያንኑ ችግር ደገመው። ኋላ ተከፍቶ ሲታይ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ተገኘ። አካባቢው ደረቅ ነው፤ በበጋ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ያዘገያል፤ ግለቱ ካየለም ይጠፋል። በብሩሽ ሊጠረግ ይችል ለነበረ አቧራ ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ። ተረቱን ከነገሩን አረጋውያን መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ እኔም ቅጂ አላስቀረሁም፤ ምልክቱንም በዝርዝር አልነገርኩትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጠፋ የተባለው ነገር ያልጠፋበት ጊዜም ብዙ ነው። በፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ተለውጠው ሲታዩ «ቫይረስ በላቸው» ይባላል፤ ፍላሹም ፎርማት ይደረጋል። ዳሩ ግን የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሮቹን የሚደብቅ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። የተደበቁ ፋይሎችን ማሳያው ሲከፈት ተመልሰው ሊታዩ ይችላሉ። እንዲሁም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ቀደምት ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ተበላሸ ተብሎ ይጣላል እንጂ የሚያስፈልገው ፎንቱን መጫን ብቻ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ችግሩ ከመነሣቱ በፊት ምን ተለወጠ? የሚታየው በአንድ ፕሮግራም ነው ወይስ በሁሉም? የሚነሣውስ መቼ ነው? ቀጥሎ ጽሑፎች ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ከዚያም ኮምፒዩተሩ «ሴፍ ሞድ» በተባለው፣ እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ፕሮግራሞች ብቻ በሚነሡበት መንገድ ይከፈት። ችግሩ በዚያ ካልታየ ጥፋቱ በኋላ ከተጨመረ ፕሮግራም ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ቀደም ሲል የመመለሻ ነጥብ ተይዞ ከነበረም፣ የግል ጽሑፎችን ሳይነኩ ሥርዓቱን ወደዚያ ቀን መመለስ ይቻላል።

«ፎርማት ፈጣን ነው፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ቫይረሱ ሥር በሰደደ ጊዜ ወይም ሥርዓቱ ሊጠገን በማይችልበት ሁኔታ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን የመጨረሻው መፍትሔ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። ኮምፒዩተሩ አልነሣ ቢል እንኳ በብዙ ላፕቶፖች ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት ጽሑፉን ማዳን ይቻላል። ርካሽ የተባለው ጥገና የሚወደደው የጠፋው ነገር ሲታሰብ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። በጥድፊያ ፎርማት ያደረገ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቅመው አያገኝም። እንግዲህ ላፕቶፓችሁን ለጥገና ስትሰጡ ያያችሁትን ምልክት በዝርዝር ተናገሩ፤ ሳይጠይቋችሁም ምንም እንዳያጠፉ አሳስቡ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ የጽሑፋችሁን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀምጡ።