መምህሩን የሚሾመው ማነው?

አንባብያን ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት «እገሌ ለምን ተቀጠረ? እገሌስ ለምን ተከለከለ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሳትሰሙ አትቀሩም። የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ በሹክሹክታ ነው። ዛሬ ግን ነገሩን በግልጥ እንድንነጋገርበት ብዬ አንድ የጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲ መርጫለሁ፤ ስሙ ጎቲንገን ይባላል። ከሌሎቹ ለይቼ የመረጥሁት መምህር በመሾምና በመሻር ምክንያት ሦስት ጊዜ ክፉኛ ስለ ታወከ፥ ከሦስቱም አንደኛው ሁከት የእኛን ግዕዝ ስለሚነካ ነው። ዓመቶቹን የምቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቃችሁ።

የመጀመሪያው ሁከት የተነሣው በ1837 ነው። ጎቲንገን ያን ጊዜ የሐኖቨር መንግሥት ግዛት ነበረች። በዚያው ዓመት ዙፋኑን የወረሰው ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት በ1833 የወጣውን ሕገ መንግሥት ሻረው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናቸው መጠን ለዚያ ሕገ መንግሥት ምለው ነበር፤ ንጉሡ ግን ከመሐላችሁ ፈትቻችኋለሁ አላቸው። ከመምህራኑ 7ቱ ይህን አልቀበልም ብለው በኅዳር ወር የተቃውሞ ጽሑፍ ፈርመው አቀረቡ። በጽሑፋቸው ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም በመሐላችን የምንጫወት ሰዎች ሆነን በተማሪዎቻችን ፊት ከታየን ትምህርታችን ዋጋ የለውም ማለታቸው ነው። ስለ ደመወዛቸውም ሆነ ስለ ማዕርጋቸው አላነሡም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ካልታመነ ከወንበሩ የሚወጣው ቃል አይታመንም ነው ነገሩ።

ከፈራሚዎቹ መካከል ተረት በመሰብሰብ የታወቁት ወንድማማቾች ያኮብ ግሪምና ቪልሄልም ግሪም፥ የፊዚክስ ሊቁ ቪልሄልም ቬበር፥ የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህሩ ሃይንሪኽ ኤዋልድም ነበሩ። በታኅሣሥ ወር ሰባቱም ከሥራቸው ተባረሩ። ያኮብ ግሪም ያለባቸው ሦስቱ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ አገሩን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ።

የቀሩት መምህራንስ? አብዛኞቹ ዝም አሉ። ዝም ካሉትም አንዱ በሒሳብ ዓለም አቻ ያልነበረው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ ነው። ቬበር የሥራ ባልንጀራው ነበር፤ በ1833 በሽቦ የኤሌክትሪክ መልእክት ማስተላለፊያ አብረው ሠርተዋል። ኤዋልድ ደግሞ የልጁ የሚና ባል ነው። ጋውስ ዕድሜው 60 ዓመት ሆኖት ነበርና ባልንጀራውና አማቹ ተሽረው ሲወጡ ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ተቀመጠ። እኔ በእርሱ ለመፍረድ አልቸኩልም። እርጅና፥ ቤተ ሰብ፥ ያልተጨረሰ ሥራ እያለ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ንጉሡ 7 ሰዎችን ማባረር የቻለው የቀሩት ዝም ስላሉ መሆኑን መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ግዕዙ እንምጣ። ኤዋልድ ከጎቲንገን ሲሻር ሥራ ፈትቶ አልቀረም፤ በ1838 በሌላው የጀርመን ግዛት በቩርተምበርግ የሚገኘው የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ጠርቶ ወንበር ሰጠው። አንድ ንጉሥ የሻረውን ሰው ሌላው ንጉሥ ባለበት አገር መቅጠር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በቱቢንገንም አውጉስት ዲልማን የሚባል ወጣት ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ተማረ። ዲልማን ኋላ በፓሪስ፥ በለንደንና በኦክስፎርድ ያሉትን የብራና መጻሕፍቶቻችንን መረመረ፤ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዙ በ1851 አሳተመ፤ የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፉን በ1857፥ ታላቁን መዝገበ ቃላቱን በ1865 አወጣ። ዛሬም የግዕዝ ተመራማሪ ነኝ የሚል ሰው ያንን መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ አይውልም። ኤዋልድ ባይባረር ኖሮ ዲልማን ግዕዝ ባልተማረም ነበር ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን ቱቢንገን «ከንጉሥ የተጣላ ሰው አንቀጥርም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በዚያ ባልተገናኙም ነበር።

ኤዋልድ የዋህ ሰው ነበር ብላችሁ ግን አታስቡ። ቁጡና ተከራካሪ፥ የራሱን አሳብ ብቻ ልክ ነው የሚል ሰው ነበር። በ1848 ወደ ጎቲንገን ተመለሰ፤ ፕሩስያ ሐኖቨርን በ1866 ከያዘች በኋላ ደግሞ ለፕሩስያ ንጉሥ አልምልም ብሎ እንደ ገና ከወንበሩ ወረደ። «ጠባዩ አይመችም» የሚለው ቃል በቅጥር ጉባኤ ሁሉ ዘንድ እጅግ የተወደደ ቃል ነው፤ ማስረጃ አይጠይቅምና። ለኤዋልድ ቢነገር ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር፤ ቢሆንም ዲልማንን ያስተማረው ይኸው የማይመቸው ሰው ነው።

ሁለተኛው ሁከት በንጉሥ የመጣ አይደለም፤ መምህራኑ ራሳቸው ያመጡት ነው። በ1915 የጎቲንገን የሒሳብ ሊቃውንት ሂልበርትና ክላይን ኤሚ ኖተር የምትባል የ33 ዓመት ሴት ጠሩ። ዶክትሬቷን በ1907 ከኤርላንገን አግኝታ እዚያው ያለ ደመወዝ ስትሠራ ቆይታለች። የጠሩዋትም የአይንሽታይን አዲስ ትምህርት የሚጠይቀውን ሒሳብ ከእርስዋ የተሻለ የሚያውቅ ስላላገኙ ነው። ነገር ግን የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው የፍልስፍናው ፋኩልቲ ነበር፤ በዚያም ውስጥ የሒሳብ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የታሪክና የቋንቋ ሊቃውንትም ይቀመጡ ነበር። እነዚህ ተቃወሙ። ወታደሮቻችን ከጦር ሜዳ ተመልሰው ከሴት እግር ሥር ሲማሩ ምን ይላሉ? ዛሬ ፈቃድ ከተሰጣት ነገ ፕሮፌሰር ትሆናለች፤ ከነገ ወዲያም በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ትቀመጣለች አሉ። ሂልበርት በበኩሉ፥ ሴኔቱ የገላ መታጠቢያ ቤት አይደለም ብሎ መለሰ ይባላል።

ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ ከተቃዋሚዎቹ አንዱም ሒሳብ አታውቅም አላለም። ዕውቀቷን መንቀፍ ስላልቻሉ ስለ ሴኔት ወንበር ተከራከሩ። ሚኒስቴሩ ደግሞ ነገሩ ሲቀርብለት በ1908 የወጣውን ደንብ ጠቀሰ፤ ደንቡ ሴትን አይፈቅድም። (ደንብ መልካም ነገር ነው፤ መልስ መስጠት ለማይፈልግ ሹም ግን ከሁሉ የሚመች መጠለያ ነው።) ሂልበርት ዘዴ አገኘ፤ ትምህርቱ በእርሱ ስም ይለጠፋል፥ የምታስተምረው ግን እርስዋ ናት። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ በስሟ የሚጠራውን ሕግ በ1918 ስታወጣ መደበኛ ፈቃድ አልነበራትም። ፈቃዱን ያገኘችው በ1919 ነው፤ ያውም ጦርነቱ አልቆ መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ።

ሦስተኛው በ1933 ሆነ። በሚያዝያ ወር የናዚ መንግሥት አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወግድ ሕግ አወጣ፤ ኖተርም ከተወገዱት አንዷ ሆነች። ተማሪዎቿን በቤቷ ማስተማር ጀመረች፤ ከእነርሱም አንዱ የናዚ ጭፍሮችን ልብስ ለብሶ ይመጣ እንደ ነበር፥ እርስዋም ቅር ሳትሰኝ ታስተምረው እንደ ነበር ይነገራል። ወደ አሜሪካ ሄዳ ብሪን ማር በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ተቀጠረች፤ በ1935 በ53 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ያደረገው ሕግ ነው። ተማሪዎች ሆይ፤ የሚቀጥለውን ግን ሕግ አላደረገውም። ሕጉ ከ1914 ጦርነት በፊት የተሾሙትን አይነካም ነበር፤ ስለዚህ በ1909 የተሾመው የሒሳብ መምህር ኤድሙንድ ላንዳው አይሁዳዊ ቢሆንም በወንበሩ ቆየ። በኅዳር 2 ቀን 1933 ሊያስተምር ሲመጣ ተማሪዎች በአዳራሹ ደጃፍ ተሰብስበው ሌሎቹ እንዳይገቡ ከለከሉ። መሪያቸው ኦስቫልድ ታይሽሙለር የሚባል ገና 20 ዓመቱ የሆነ ልጅ ነበር፤ ሰነፍ ተማሪ እንዳይመስላችሁ፥ በሒሳብ ከዘመኑ ጐበዞች የሚቈጠር ነው። ላንዳው ምክንያቱን እንዲጽፍለት ጠየቀው፤ ልጁም ጻፈ። የመምህሩን ዕውቀት አልነቀፈም፤ ጀማሪ ጀርመናውያንን አይሁዳዊ ሊያስተምራቸው አይገባም ነው ያለው። የ1915ቱ የታሪክ ሊቃውንት በሌላ አነጋገር ያሉትን ይህ ልጅ በጽሑፍ አስቀመጠው።

ላንዳው ደብዳቤውን ይዞ ጡረታ እንዲወጣ ለሚኒስቴሩ አመለከተ። ወደ በርሊን ሄዶ እዚያው በ1938 ሞተ። ታይሽሙለርም በ1943 በምሥራቁ ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፤ 30 ዓመቱ ነበር።