የጋራዡ ስፒከር ደንቆሮ ይሁን

ስፖቲፋይ «ካር ቲንግ» የተባለችውን ትንሽ የመኪና ስክሪን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካ ገበያ በ90 ዶላር አቀረበ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ማምረቱን አቆመ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2024 ደግሞ ሰው ገዝቶ መኪናው ውስጥ የሰቀላትን ዕቃ ከሩቅ ሆኖ አጠፋት። ስክሪኗ አልተሰነጠቀም፣ ሽቦዋም አልተቃጠለም። ኩባንያው መጀመሪያ የሰጠው ምክር በአግባቡ እንዲጥሏት ነበር፤ ጩኸቱ ሲበረታ ነው የግዢ ማስረጃ ላለው ሰው ገንዘብ መመለስ የጀመረው።

ከዚያ ቀደም ሶኖስ የባሰውን ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌ ስፒከሩን ለሚተው ደንበኛ የ30 በመቶ ቅናሽ ሰጠ። ቅድመ ሁኔታው ደንበኛው በደህና የሚሠራውን ስፒከር ዳግም እንዳይሠራ አድርጎ በገዛ እጁ መቆለፉ ነበር። ግደለውና ቅናሽ ውሰድ እንደማለት ነው። ቁጣ ተነሥቶ አሠራሩ በ2020 ቀረ። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው የድሮ ፊሊፕስ ሬዲዮ ቢያንስ ይህ ስጋት የለበትም፤ ከአምስተርዳም ሆኖ ማንም ሊያጠፋው አይችልም።

ጋራዡ ውስጥ ሙዚቃ ማስገባት ለሚያስብ ሰው እነዚህ ሁለት ታሪኮች ከዋጋ ዝርዝር በፊት የሚነበቡ ናቸው። ጋራዥ ሲባል መካኒክ ቤት ትዝ ይለን ይሆናል፤ እዚህ የሚወራው ግን በግቢ ውስጥ ስላለው የቤት ጋራዥ ነው። ግማሹ ለመኪናው፣ ግማሹ ለጀሪካን፣ ለተሰበረ ሶፋና «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ለተቀመጠው ካርቶን ነው። አባወራው ቅዳሜ እንጨት ሲያላምድ ወይም ዘይት ሲቀይር የሚውለው እዚያ ነው። አቧራ አለ፣ በቀትር ይግላል፣ በሩም ላሜራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ውድ ስፒከር አያስቀምጡበትም። ብዙ ሰው ርካሽ የሆነውን «ብልህ» ስፒከር ገዝቶ የሚያስገባው ለዚህ ነው፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ብልህ የሆነው ዕቃ ሕይወቱ ያለው ሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። የጋራዥ ስፒከር ደንቆሮ ሊሆን ይገባዋል፤ ሽቦ የሚያመጣለትን ከማሰማት በቀር ምንም የማያውቅ። አንጎሉ ከእርሱ ተለይቶ፣ ትንሽ፣ ርካሽ፣ በሌላ የሚተካ ይሁን።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የምትባለው ማስቲካ የምታህል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2021 ስትወጣ ዋጋዋ 15 ዶላር ነበር፤ እዚህ የሚያስገባው ሰው ትርፉን መጨመሩ አይቀርም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላት በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ መቀየሪያ ይጨመርላታል። እርሷ ካልተገኘች መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክም ይህን ሥራ ይሠራል። አምፕሊፋየሩ ቲፒኤ 3116 በሚባለው ቺፕ የተሠራች መዳፍ የምታህል ቦርድ ብትሆን ይበቃል። የዚህች ቦርድ ጥቅሟ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ መሥራቷ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ሲል ጋራዡ ይዘፍናል። ለትንሿ ኮምፒውተር 12ቱን ቮልት ወደ 5 የሚያወርድ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ ሳያደርጉ ግን ምንም ነገር መሰካት አይገባም፤ የመኪና ባትሪ ሽቦ ከተነካካበት እሳት ነው።

ስፒከሩን ምናለሽ ተራ ገብቶ ከተፈታ መኪና የወጣ መግዛት ይቻላል። ሳጥን ግን የግድ ነው። ያለ ሳጥን ከፊት የሚወጣው ድምፅና ከኋላ የሚወጣው ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፤ ቤዙ ይሞታል። ከዚያ ሰው «ስፒከሩ ውራጅ ስለሆነ ነው» ይላል። ስፒከሩ ምንም አልሆነ፣ የቸገረው ጣውላ ነው።

ሙዚቃውን የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር የራሱ ታሪክ አለው። ስሊም ዲቫይስስ የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ስኩዊዝቦክስ የሚባል የሙዚቃ ማጫወቻ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎጂቴክ ገዛው፤ በ2012 ምርቱን አቆመው። እንደ ካር ቲንግ ቢሆን ኖሮ ያኔ ያበቃ ነበር። ነገር ግን የሰርቨሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያዙት። ዛሬ «ሊሪየን ሚዩዚክ ሰርቨር» በሚል ስም ይሠራል፣ በነጻ ይወርዳል፤ የዚያን ዘመን ማጫወቻዎችም ዛሬ ድረስ ይጫወቱበታል። አንዱን ዕቃ የገደለውና ሌላውን ያቆየው ልዩነት ይህ ብቻ ነው፤ የዕቃው ጥራት አይደለም።

ሊሪየን ሳሎን ጥግ ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ ዘፈኖቹ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀመጣሉ። ጋራዥ ያለችው ትንሿ ኮምፒውተር ደግሞ ፓይኮርፕሌየር የሚባለውን ትጭናለች። ፓይኮርፕሌየር ሲነሣ ራሱን ወደ ሚሞሪ ገልብጦ ስለሚሠራ መብራት ድንገት ቢሄድ ካርዱ አይበላሽም። ለእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የላሜራው በር ዋይፋዩን ካዳከመው ኬብል መዘርጋት ነው፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

አሁን ወደ ኪስ። ከኢንተርኔት በከፍተኛ ጥራት፣ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። በቀን አራት ሰዓት ቢሰማ በወር 17 ጊጋባይት ያልፋል። ይኸው ሙዚቃ ከሳሎን ወደ ጋራዥ ሲሄድ የሚበላው የኢንተርኔት ዳታ ዜሮ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ስልክ ላይ የነበረ የሙዚቃ ምዝገባ ሁሉ ባዶ ስክሪን ሆኖ ነበር። በግቢው ዋይፋይ ከሳሎን ዲስክ የሚመጣን ዘፈን ግን የሚዘጋ የለም።

«ታዲያ የብሉቱዝ ስፒከር ምን ጎደለው?» የሚል አይጠፋም። ለብዙ ሰው ምንም አልጎደለውም። ስልክ በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ መቋረጡን፣ ስልኩን የያዘው ሰው ወደ ቤት በገባ ቁጥር ድምፁ መቆራረጡን የቻለ ሰው እርሱን ገዝቶ ይረፍ። ዘፋኙስ ምን ያገኛል የሚለው የበለጠ ክብደት አለው። አዲስ አልበም ሲወጣ በ2011 ዓ.ም. እንደ ጀመረው አውታር ባለ የአገር ውስጥ መተግበሪያ ከፍሎ መስማት ተገቢ ነው። የቤት ሰርቨር የሚያስፈልገው መተግበሪያው ውስጥ ለማይገኘው ነው።

የማይገኘው ደግሞ ብዙ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመረው የሸክላ ዘመን በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ብዙው ተርፏል፣ ዓለምም ሰምቶታል። ከዚያ የተከተለው የካሴት ዘመን ይህን ያህል ሰብሳቢ አላገኘም። አንዳንዱ ካሴት ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ተዘግቶ፣ ማስተሩ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ የቀረው ቅጂ ያ ጋራዥ ውስጥ «አንድ ቀን ይጠቅማል» የተባለው ካርቶን ውስጥ ነው። ሙቀትና አቧራ ደግሞ ለቴፕ መርዝ ናቸው። አዲስ ብልህ ስፒከር ገዝቶ ካርቶኑን ለቆራሌው የሚሰጥ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች አይናቸውን ይጨፍናሉ። ለራስ ለመቅዳት የሚሠራ ቴፕ፣ የድምፅ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድና ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃሉ። የቴፑ ሄድ አስቀድሞ በአልኮል ይጠረግ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። ስለዚህ መጀመር ያለበት ሌላ ቦታ ፈጽሞ ከማይገኘው ነው፦ ከአገር ቤት ዘፈኑ፣ ከሠርግ ቅጂው፣ አያት ከሞቱ በኋላ ማንም ካልከፈተው የበገና ካሴት።