ቀጋና ሳማ

ከአገር ቤት ለትምህርት መጥቶ በከተማ የቀረ ሰው የልጅነቱን ነገር ሲያጫውታችሁ፣ ከብት መጠበቁን፣ በወንዝ መዋኘቱን፣ ገና መጫወቱን ደስ እያለው ይናገራል። ቀጋና አጋም መልቀሙንም እንደ ጨዋታ ያነሣዋል። ሳማን ግን አያነሣም። ጎተራው በተራቆተበት ክረምት እናቱ የሳማ ወጥ ሠርታ አብልታው ይሆናል፤ ዳሩ ግን ይኽን በመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ፊት መናገር የድኅነትን የምስክር ወረቀት አውጥቶ እንደ ማሳየት ይቈጥረዋል። እኔ በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ስለ ተናቀው ምግብ ልናገር እወዳለሁ።

ረኃብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባዶ ሆድን ነው። ነገር ግን ሆድ ሞልቶ ሰውነት የሚራብበት ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከአገራችን ተሰደው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ የሰፈሩ ሰዎች እህልና ዘይት ይሰፈርላቸው ነበር፤ ትኩስ ቅጠልና ፍራፍሬ ግን በቂ አያገኙም ነበር። ውሎ አድሮ የብዙዎቹ ድድ ይደማ፣ ጉልበታቸውም ያማቸው ጀመር። ሐኪሞች ሲመረምሩት ስከርቪ ሆኖ ተገኘ። ይኽ በሽታ የቪታሚን ሲ እጥረት የሚያመጣው ሲሆን፣ ቀድሞ ረጅም የባሕር መንገድ የሚሄዱትን መርከበኞች ይፈጅ የነበረው ነው። የስንዴው ጆንያ ሞልቶ ሳለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቀጋው እንመለስ። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ የዚህ ወገን ፍሬ ደግሞ በቪታሚን ሲ እጅግ የበለጸገ ነው። በውጭ አገር የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ተመርምሮ በ100 ግራም ውስጥ ከ400 ሚሊግራም በላይ ቪታሚን ሲ ሲገኝበት፣ ብርቱካን ያለው 50 ያህል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን የሚያመጣ መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር እንደ ልብ መድረስ ባቃተው ጊዜ፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥቱ ሴቶችና የተማሪ ቤት ልጆች የአጥሩን ቀጋ እንዲለቅሙ አድርጎ ለሕፃናት የሚጠጣ ሽሮፕ አሠርቶበታል። የእኛ እረኛ ያለ መንግሥት ማስታወቂያ ይለቅመዋል፤ ጉሮሮ የሚያሳክከውን የውስጡን ፀጉር ከነፍሬው ጥሎ ሥጋውን ብቻ መብላትም ያውቅበታል።

ሳማው ከዚህም ይልቅ ያስገርማል። የደጋችን ሳማ የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም በስሜን ተራሮች ስም ሰይመውታል። የሚለበልበን በላዩ ያሉት ፀጉሮች እንደ መስተዋት የሚሰበር ጫፍ ያላቸው መርፌዎች ስለ ሆኑ ነው፤ እሳት ሲነካቸው ግን ኀይላቸው ያልቃል። ባለሙያ ሴት ለጋ ለጋውን በጨርቅ ወይም በእንጨት ይዛ ትቀጥፋለች፤ ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ ጥቂት ዱቄት ጨምራ ትሠራዋለች። የፈረንጅ አገሩ የሳማ ዘመድ ተቀቅሎ ሲመረመር በ100 ግራም ውስጥ 480 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ተገኝቶበታል፤ ይኸውም ወተት ካለው አራት እጥፍ ነው። ሌላም ነገር አለ። የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት ወራት ክረምት ነው፤ ሳማም የሚለመልመው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። እናቶቻችን ያን ወቅት በሳማ መሻገራቸው የሚያሳፍር ነገር አይመስለኝም።

በኮንሶ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ኀፍረት የለም። ሽፈራውን በደጃቸውና በእርከናቸው ላይ ተክለው፣ በደረቁ ወራት ሳይቀር ቅጠሉን ከማሽላ ጋር ቀቅለው ይበሉታል። እኛም ቅጠሉ ተፈጭቶ በፓኬት ታሽጎ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በደኅና ገንዘብ እየገዛን እንደ ሻይ እንጠጣዋለን!

ታዲያ የዱር ሁሉ ምግብ ነው ማለቴ አይደለም። አጋምን የሚመስል መረንዝ የሚባል ዛፍ አለ፤ ሁለቱም ሲቈረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፣ ፍሬያቸውም ሲበስል ይጠቁራል። አጋም እሾህ አለው፤ መረንዝ የለውም። መረንዙም ለቀስት መርዝ ይሠራበት የነበረ ነው። ይኽን ልዩነት የዐሥር ዓመት እረኛ ያውቀዋል፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታላቅ ወንድሙ ተምሮት ነው። ይኸው እረኛ ተማሪ ቤት ሲገባ ለታናሹ የሚያሳየው ሰው ከሜዳው ይጠፋል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ አንባቢዎቼ፣ አንድ ደብተር ያዙና እናታችሁንና አያታችሁን ጠይቁ። የተክሉን ስም በአካባቢው ቋንቋ፣ የሚለቀምበትን ወር፣ ምኑ እንደሚበላና ምኑ እንደሚጣል ጻፉ። ቅርንጫፉንም በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተጭናችሁ አድርቁና፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የዕፀዋት ቤተ መዘክር ባለሙያዎች አሳዩት። አበባው ወይም ፍሬው አብሮ ይኑር፤ በቅጠል ብቻ ተክልን ለይቶ ማወቅ ለሊቁም ያስቸግራል።